ትዳር ውስጥ የተደበቀ ገንዘብ፦ ምልክቱ የሚታየው የት ነው?

በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም አለመታመን ሲነሳ የአብዛኛው ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ውሽማ ይሄዳል። ሆኖም ባልና ሚስት አንዳቸው ከሌላቸው የሚደብቁት ሁልጊዜ ሰው አይደለም፤ ያልተነገረ ብድር፣ ለወንድም ወይም ለባልደረባ የተፈረመ ዋስትና፣ በእህት ስም የተገዛ ቦታ፣ ዕጣው ከወጣ ወራት ያለፈው እቁብ፣ በስልክ ላይ ሃምሳና መቶ ብር እየተባለ ያለቀ የውርርድ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። የዚህ ማብራሪያ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ምክር የሚሰጡ ሰዎች በአብዛኛው ፊትን፣ ዓይንንና ጠባይን ማንበብን ያስተምራሉ፤ ይህ ደግሞ ቀጥሎ እንደምናየው፣ ንጹሑን ለማስቀየም እንጂ ደባቂውን ለማግኘት ብዙም አይጠቅምም።

ሽሽግ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ያልተነገረ ነገር ሁሉ ሽሽግ አይደለም። ሰው ለራሱ የሚያስቀረው፣ ቢጠየቅ ግን ለመናገር የማይቸገርበት ነገር ግላዊነት ይባላል፤ ለእናት በየወሩ የምትላክ ትንሽ ብር ወይም ከባልደረባ ጋር የተጠጣ ቡና ሒሳብ ከዚህ ወገን ነው። ሽሽግ ግን የትዳር ጓደኛ ቢያውቀው ኖሮ ሌላ ውሳኔ ይወስንበት የነበረን ጉዳይ፣ እንዳያውቀው ሆን ብሎ ማድረግ ነው። መለያው መጠኑ አይደለም፤ በዚያ ባልታወቀ ነገር ምክንያት ሌላው ወገን እየተሳሳተ መወሰኑ ነው። ሚስቱ ቤት ለመቀየር እያሰበች ባል የቁጠባው ሒሳብ ባዶ መሆኑን ካልነገራት፣ እሷ የምትወስነው በሌለ ገንዘብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የመቀነትን ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። የቀድሞ እናቶች በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው የሚያኖሩት ገንዘብ ነበር፤ ባል መጠኑን አያውቀውም፣ ልጅ ሲታመም ወይም የክረምት እህል ሲያልቅ ግን ቋጠሮው ይፈታል። ይህን ሽሽግ ብሎ መጥራት በእኔ እምነት ስሕተት ነው፤ ባል መጠኑን ባያውቅም መኖሩን ያውቃል፣ ገንዘቡም የሚመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። ከዚህም በተለየ፣ የሚደበድብ ወይም ደመወዟን የሚቀማ ባል ያላት ሴት ለክፉ ቀን ብላ ዘመድ ዘንድ የምታስቀምጠው ገንዘብ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ግልጽ ውይይት የሚባለው ነገር በእንዲህ ዓይነት ቤት ላሉ ሰዎች አይሠራም፣ ሊጎዳቸውም ይችላል።

ዓይን ማሸሽ የውሸት ምልክት ነውን?

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በ75 አገሮች የተካሄደ ጥናት ሰዎችን «ሰው ሲዋሽ በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የተደጋገመው መልስ «ዓይኑን ያሸሻል» የሚል ነበር። በተግባር ሲፈተን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ቦንድ እና ቤላ ዲፓውሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ በርካታ ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች እውነትንና ውሸትን በማየትና በመስማት ብቻ እንዲለዩ ሲጠየቁ ከ100 ፍርዳቸው ትክክል የሚሆነው በአማካይ 54ቱ መሆኑን አገኙ። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ የሚገምት ሰው 50 ያገኛልና ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ግልጽ ነው። ውሸቱን ለብቻው ብንወስድ ደግሞ ውጤቱ ይብስ ይወርዳል፤ ከ100 ውሸት ውሸት መሆኑ የሚታወቀው 47ቱ ብቻ ነው።

«ይሁን እንጂ ባሌን አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ይጠበቃል። ስቲቨን ማክኮርናክ እና ማልኮልም ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ሥራ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሰዎች ይበልጥ እየተቀራረቡ በሄዱ ቁጥር አንዱ የሌላውን ውሸት አውቃለሁ የሚለው እምነቱ ይጨምራል፣ የማወቅ ችሎታው ግን አብሮ አያድግም። ምክንያቱ የተወሳሰበ አይደለም። የምንወደውን ሰው ንግግር ስንሰማ መነሻችን ማመን ነው፤ እንደዚያ ባይሆን ኖሮ አብሮ መኖር አይቻልም ነበር። ስለዚህ የተታለለ ሰው ራሱን «እንዴት ሳላውቅ!» እያለ መውቀሱ ተገቢ አይደለም፤ ያልነቃው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን ባለትዳር ስለሆነ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ዓይንን ማንበብ ተጨማሪ ጣጣ አለው። በአባትና በእናት ፊት፣ በትልቅ ሰው ፊት አንገትን ሰበር ማድረግን እንደ ጨዋነት እየተማረ ያደገ ሰው፣ ባለቤቱ በቁጣ ስትጠይቀው መሬት መሬት ቢያይ የለመደውን ማድረጉ ሊሆን ይችላል። ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል፤ ፍጹም የማያፍረውን ውሸታም የምንገልጸው «ዓይኑን በጨው ታጥቦ» እያልን ነው፤ አፍጥጦ እያየ የሚዋሽ ሰው መኖሩን ከማንም ጥናት በፊት አውቀነው ነበር ማለት ነው። የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ቁጣም ከዓይን የተሻሉ አይደሉም። የሚያሳዩት ሰውየው መረበሹን ነው፤ የተረበሸው ስለዋሸ ይሁን ስለተጠረጠረ ግን አይናገሩም።

ታዲያ ምልክት የሚባለው ከየት ይመጣል?

ከፊት ሳይሆን ከሥራ ይመጣል። መደበቅ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ነገር ሳይሆን በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዱካ ይተዋል። ገንዘብ የሚደብቅ ሰው መልእክቶችን፣ ወረቀቶችንና ሰዎችን በአንድ ጊዜ መጠበቅ አለበት። ባንክ በእያንዳንዱ ወጪና ገቢ አጭር መልእክት ስለሚልክ መልእክቱን መሰረዝ ወይም ወደ ሌላ ሲም እንዲሄድ ማድረግ ይኖርበታል። ደብዳቤ፣ ደረሰኝና ውል ቤት እንዳይገባ፣ ከገባም እንዳይታይ ማድረግ አለበት። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች፣ ማለትም የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ፣ አበዳሪው ጓደኛ፣ ደመወዝ መጨመሩን የሚያውቅ ባልደረባ፣ ከባለቤቱ ጋር ተገናኝተው እንዳያወሩ መከላከል አለበት።

ስለዚህ መታየት ያለበት ሰውየው ምን ዓይነት ጠባይ አለው የሚለው ሳይሆን ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ስልኩን ሁልጊዜ በሚስጥር ቁጥር የሚቆልፍ ሰው ዛሬም ቢቆልፍ ምንም ማለት አይደለም፤ ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ እየጣለው ሲሄድ የኖረ ሰው መታጠቢያ ቤት ይዞት መግባት ሲጀምር ግን አንድ ነገር ተለውጧል። የቤት ኪራይ አብረው ይከፍሉ የነበሩ ባልና ሚስት መካከል አንዱ «አንቺ አትድከሚ፣ እኔ እጨርሳለሁ» ብሎ ክፍያውን ለብቻው ሲረከብ፣ በየሳምንቱ የእቁብ ዕጣ ስለ ወጣለት ሰው በቤት ሲያወራ የነበረ ሰው ስለ እቁቡ ድንገት ዝም ሲል፣ የድሮ ባልደረባውን ቤት መጥራት ሲጠላ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ተራ ነገር ነው። የሚያሳስበው መልእክቱም ወረቀቱም ሰዉም በአንድ ሰሞን ሲዘጋጉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ሒሳቡ ነው። በግቢያችን ያለውን የውኃ ቆጣሪ እናስብ። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውኃ እየፈሰሰ ነው፤ ቆጣሪው ግን የፈሰሰበትን ቦታም ሆነ ያፈሰሰውን ሰው አይነግረንም። የቤት ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ የሁለቱ የተጣራ ገቢ በወር 32,000 ብር ነው እንበል፤ ኪራዩ 12,000፣ አስቤዛው 9,000፣ የልጅ ትምህርት ቤት 4,000፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ 3,000 ከሆነ፣ 4,000 ብር መትረፍ አለበት። ገንዘቡ ሳይተርፍ ቀርቶ ወሩ በገባ በ20ኛው ቀን ከሱቅ በዱቤ መውሰድ ከተጀመረ ቆጣሪው እየዞረ ነው። በአንድ ወር መፍረድ አይገባም፤ ለቅሶም ሠርግም ሕመምም ይመጣል። ሦስት ወር ተከታትሎ ሲደገም ግን ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር አለ።

ይህ ዘዴ የማይይዛቸው ሽሽጎች መኖራቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዋነኛው ዋስትና ነው። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለተቀጠረ ዘመድ ወይም ለተበደረ ጓደኛ ዋስ የሚሆን ሰው በፈረመበት ቀን ከኪሱ አንዲት ሳንቲም አይወጣም፤ ቆጣሪው ጸጥ ብሎ ከዓመታት በኋላ በአንድ ቀን ይፈነዳል። የዚህ ዱካ ወረቀት ነው፤ ዋስ ለመሆን ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ መጠንን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍና የመታወቂያ ቅጂ ማቅረብ የተለመደ በመሆኑ፣ የት እንደተፈለገ ያልተነገረ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲገኝ «ይህ ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው ደግሞ በስልክ የሚገኝ ብድር ነው። ድሮ ለመበደር ቅርንጫፍ መሄድ፣ ዋስ መፈለግ፣ መፈረም ያስፈልግ ስለነበር ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ያውቅ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደ ቴሌብር መላ ያሉ አገልግሎቶች ሲመጡ ግን ሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በደቂቃ ውስጥ መበደር ቻለ። አገልግሎቱ ለብዙ ሰው መፍትሔ ሆኗል፤ ለደባቂም ምስክር የሌለው ብድር ሆኖለታል። ከስፖርት ውርርድ ጋር ሲደመር ደግሞ ዱካው የተለየ መልክ ይይዛል፤ በብዛት የሚደጋገሙ ትናንሽ ዝውውሮች፣ በተለይም ቅዳሜና እሑድ ማታ በጨዋታ ሰዓት፣ ከዚያም ሰኞ ጠዋት ትንሽ ብድር።

ስለሚነገረው ታሪክስ ምን ማለት ይቻላል?

ውሸትን ከንግግር መለየት ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። ጋሊት ናሃሪ፣ አልደርት ቭሪይ እና ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሚዋሽ ሰው ዝርዝር ነገር መናገር ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ዝርዝር ያሳምናል፤ ነገር ግን ሊጣራ የሚችል ዝርዝር ይፈራል፣ ምክንያቱም ያጋልጠዋል። ስለዚህ የማይጣራውን ያበዛል። «ገንዘቡን ለጓደኛዬ አበደርኩት፤ በጣም ተቸግሮ ነበር፤ ሲያለቅስ ብታዪው ልብሽ ይሰበር ነበር» የሚለው ታሪክ ስሜት የበዛበት ነው፣ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ባንክ፣ መቼስ ይመልሳል የሚሉት ግን የሉበትም። እውነተኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ «ማክሰኞ 6,000 ብር ላክሁለት፣ ደረሰኙ ስልኬ ላይ አለ»።

ይህም ቢሆን አመላካች እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ተፈጥሮው ዝርዝር የማይወድ ሰው አለ፣ የሚረሳም አለ። ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባው፣ ከላይ የተዘረዘሩት ለውጦች ሁሉ ገንዘብን ከማሸሽ ጋር ያልተያያዘ ምክንያት ሊኖራቸው መቻሉ ነው። ከሥራ የተቀነሰና ለመናገር ያፈረ፣ የሕክምና ውጤት ተቀብሎ ቃል ያጣ፣ የእናቱን ዕዳ ተሸክሞ ይሉኝታ የያዘው ሰው በትክክል እንደ ደባቂ ይመስላል። እነዚህ ሽሽግ ቢባሉም እንኳ መልሳቸው ፍጹም የተለየ ነው።

ስልኩን ከፍቼ ብመለከትስ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ ሆኖም ከሚመስለው የከበደ እርምጃ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወትና የመልእክት ልውውጥ ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ሆነ ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ዳታ የገባን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ፈቃድ ነው፤ ለባል ወይም ለሚስት ተብሎ የተለየ በር አልከፈተም። የሰላይ መተግበሪያ በባለቤት ስልክ ላይ መጫን በየመንደሩ እንደ ቀላል ነገር ሲመከር እሰማለሁ፤ ቀላል አይደለም።

ከሕጉ ባሻገር ስልክ መበርበር ጥሩ መረጃ አይሰጥም። የሚገኘው ቁራጭ መልእክት ነው፣ ቁራጩን ደግሞ ጥርጣሬ ይሞላዋል። በአንጻሩ በጋራ ቤት ውስጥ ያለ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የጋራ ሒሳብ መግለጫና የራስ ደመወዝ ወረቀት ማንም ሳይከለክል የሚታይ ነው፤ ሒሳቡን ለመሥራትም የሚበቃው ያ ነው። በዚያ ላይ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንዱ ተጋቢ ሲጠይቅ ሌላው ስለተቀበለው ገቢ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። መጠየቅ መብት ከሆነ መስረቅ አያስፈልግም።

እንዴት ይጠየቃል?

ከጥያቄው በፊት ሰዓቱና ቦታው ይመረጣል፤ ልጆች ባሉበት፣ አማት በተቀመጡበት፣ ወይም ሰውየው ከሥራ እንደ ገባ ደጃፍ ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጠያቂው የራሱን ሒሳብ ቀድሞ ቢያወጣ ነገሩ ከምርመራ ወደ ጋራ ሥራ ይለወጣል። «ሌባ! ገንዘባችንን የት አደረስከው?» ከሚለው ይልቅ «እኔ ይህን ያህል አገባለሁ፣ ይህን ያህል አወጣለሁ፤ ስደምረው 4,000 ብር ይጎድለናል፤ እስቲ አንተም አምጣና አብረን እንየው» የሚለው መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዳንድ መካሪዎች መልሱን እያወቁ እንደማያውቁ ሆኖ መጠየቅን፣ ማለትም ወጥመድ መዘርጋትን ያስተምራሉ። ለፖሊስ ሊጠቅም ይችላል፤ ቤቱን ጣቢያ ለማድረግ ለማይፈልግ ሰው ግን አልመክረውም፤ በወጥመድ የተያዘ ሰው የሚያስታውሰው ጥፋቱን ሳይሆን ወጥመዱን ነውና።

የሚጠበቀው ምላሽ ላይም መሳሳት አለ። ንጹሕ ሰውም ሲጠረጠር ይቆጣል፣ ይከፋዋል፣ አልፎ አልፎም ተነሥቶ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ትቶ ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት ማየት ይሻላል። የተቆጣው ሰው ከተረጋጋ በኋላ ወረቀቱን ያመጣል ወይስ ቁጣውን ራሱን መልስ ያደርገዋል? ዛሬ የነገረውና በሳምንቱ የነገረው አንድ ነውን? ያመነው ሰው የሚያምነው የተደረሰበትን ብቻ ነው ወይስ ያልተደረሰበትንም ይጨምራል? ሽማግሌ የሚገባ ከሆነም እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ቢገባ ይሻላል፤ «ተዉ ታረቁ» ብሎ የሚጀምር ሽምግልና ሒሳቡ ሳይታይ ስለሚዘጋ ቆጣሪው መዞሩን ይቀጥላል።

ሕጉ የማን ሀብት፣ የማን ዕዳ ይላል?

ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የሚኖር አንባቢ የክልሉን ማየት ይገባዋል። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ሰው ሲያገባ ይዞት የመጣው፣ ከጋብቻም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የግል ሀብቱ ነው። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘው፣ ከግል ሀብት የሚገኘው ገቢ ሳይቀር፣ የጋራ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ መገመቱ ነው፤ የግሌ ነው የሚል ወገን ራሱ ማስረዳት አለበት። ኮንዶሚኒየሙ በእሱ ስም ስለወጣ ብቻ የእሱ አይሆንም።

የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደርና ለዋስትናም እንዲሁ። 500 ብር ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል፤ ሕጉ በወጣበት ጊዜ አንድ ዶላር 8 ብር ገደማ ነበርና ያኔ ትርጉም ነበረው፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ቆይቷል።

የዕዳው ነገር የሚያስደነግጥ ገጽታ አለው። ዕዳው ለቤተሰቡ ኑሮ የተገባ ከሆነ ሁለቱም በአንድነት ይጠየቁበታል። አንዱ ለራሱ የገባው ዕዳ ከሆነ በቅድሚያ የሚከፈለው ከተበዳሪው የግል ሀብት ነው፤ የግል ሀብት ከሌለው ግን ወደ ጋራው ሀብት ይዞራል። እንግዲህ አብዛኛው ወጣት ባለትዳር ሲጋባ ይዞት የሚመጣው የግል ሀብት ስለሌለው፣ በውርርድ የመጣ ዕዳ እንኳ በመጨረሻ የሚያርፈው ሁለቱም በለፉበት ንብረት ላይ ሊሆን ይችላል። ሽሽጉን ቀድሞ ማወቅ ከስሜት በላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይገባል።

በአዲስ አበባ ቤት የሚሸጥ ሰው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ሲቀርብ ያገባ ከሆነ ባለቤቱ እንድትፈርም፣ ካላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ይህ ጥሩ መከላከያ ቢሆንም ቀዳዳ አለው። በሃይማኖት ወይም በባሕል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ እኩል ነው፤ ካልተመዘገበ ግን በመዝገብ ላይ ሰውየው ያላገባ ሆኖ ይታያል። በቁርባን የተጋቡ፣ ልጆች ያፈሩ ባልና ሚስት መካከል አንዱ «ያላገባ» የሚል ወረቀት ይዞ ቤት ሊሸጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ከአገር ውጭ ላሉትስ?

ርቀት ባለበት ትዳር ዱካው ሁሉ በአንድ ወገን እጅ ነው። በዓረብ አገር እየሠራች ለዓመታት ደመወዟን ለባሏ የምትልክ ሴት ቤቱን የምታየው በፎቶ ነው፣ ወረቀቱን የምትሰማው በስልክ ነው። እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው የግድግዳው ፎቶ ሳይሆን የካርታውና የውሉ ቅጂ ነው፤ በተለይም የተጻፈበት ስም። ቤቱ በባል ስም ከሆነ የጋራ ነው የሚለው የሕግ ግምት ይረዳታል፤ በወንድሙ ስም ከሆነ ግን ያ ግምት አይደርስላትም፣ ገንዘቡ የእሷ እንደነበር ማስረዳት የራሷ ሸክም ይሆናል። የሐዋላ ደረሰኝ በዚያን ጊዜ ከወርቅ ይበልጣል፤ በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ግን ደረሰኝ የለውም።

በአሜሪካ ላሉት ደግሞ ዋናው ወረቀት ዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ ነው። ባልና ሚስት በአንድነት ሲያስታውቁ ለግብሩ ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንዱ የደበቀው ገቢ የሌላውም ዕዳ ነው። ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ቢሆንም፣ ያ ወረቀት ወለድ የሚከፍል ያልታወቀ የባንክ ሒሳብ ቢኖር የሚወጣበት ቦታ ነው። ሳያውቅ ለፈረመ ሰው የአገሪቱ ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት በቅጽ 8857 የሚጠየቅ እፎይታ አለው፤ ማመልከቻው ግን ሰውየው አያውቅም ነበር ወይስ ማወቅ ይገባው ነበር የሚለውን ይመረምራል።

ካወቅሁ በኋላ ምን ያህል ጊዜ አለኝ?

ያለ ስምምነት የተደረገውን ሽያጭ፣ ብድር ወይም ዋስትና ያልተስማማው ተጋቢ ፍርድ ቤት እንዲሰርዝለት መጠየቅ ይችላል። አዋጁ ለዚህ ሁለት ገደብ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ጉዳዩ መኖሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ሁለተኛው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ይህኛው ሰውየው ቢያውቅም ባያውቅም ይቆጠራል።

የሁለቱ ገደቦች አቆጣጠር በተግባር እንዲህ ይሠራል። ባል የጋራ ቤታቸውን ያለ ሚስቱ ፈቃድ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሸጦ እሷ በጥር 2017 ዓ.ም. ብታውቅ እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጊዜ አላት። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ብታውቅ ግን ያላት 6 ወር አይሞላም፤ ሁለተኛው ገደብ መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ይዘጋል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ያወቀች እንደሆነ ሽያጩን በዚህ መንገድ የማሰረዝ ዕድሉ አልፏል። «ፋሲካ ይለፍና እንነጋገርበታለን»፣ «ልጁ ፈተናውን ይጨርስ» እየተባለ የሚቆየው ጊዜ ሁሉ የሚቀነሰው ከዚህ ነው። የባንኩን ደብዳቤ ወይም የውሉን ቅጂ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ቅጂውን አስቀምጦ ያገኘበትን ቀንና ያገኘበትን ሁኔታ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ ፍርድ ቤት ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «መቼ አወቅሽ?» የሚለው ነውና።